የአንድ ቀን ጎል፣ የሁለት ቡድን ክብረ ወሰን

እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የወንዶች እግር ኳስ ብሔራዊ ሻምፒዮና አፓላቺያን ስቴት ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኘ። በዚያ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ቶምሰን ኡሲያን የተባለ ናይጄሪያዊ አጥቂ ብቻውን ሰባት ጎል አገባ። ሁለት ሐትሪክ ከነምርቃቱ መሆኑ ነው። ጎሎቹ የገቡት የተሸነፈ ሻንጣውን ሸክፎ በሚሄድበት፣ ሁለቱም ቡድኖች ወራት ለፍተው በደረሱበት ውድድር ላይ በመሆኑ የኡሲያን ስም በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት መዝገብ የክብር ቦታ አግኝቷል።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ የስፖርት ወዳዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አድንቆ ያልፋል። ሌላው «ለመሆኑ ተጋጣሚው ማን ነበር?» ይላል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በምቀኛነት ይታማል፤ ነገር ግን ትክክለኛው ጥያቄ የእርሱ ነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። በአንድ ጨዋታ የሚመዘገብ የጎል ክብረ ወሰንም ቢያንስ ግማሹ የተጋጣሚው፣ የአሰልጣኙና የውድድሩ ደንብ ነው። ግብ አግቢውን ለራሱ ለመመዘን ከዚያች ቀን ውጪ ምን እንደሠራ ማየት ግድ ይላል። ብዙ የአንድ ቀን ጀግኖች በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጡ ይቀልላሉ። ኡሲያን ግን አልቀለለም።

አሥራ ሦስት ጎል እንዴት ይገባል?

በብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ በአንድ ቀን ብዙ ጎል በማግባት የሚስተካከለው ያልተገኘው አውስትራሊያዊው አርቺ ቶምሰን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2001 በኮፍስ ሃርበር ከተማ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአን 31 ለ 0 ስትረታ 13ቱን ያገባው እርሱ ነው። ዴቪድ ዝድሪሊች የተባለው ጓደኛው ደግሞ ስምንት አክሏል። ጎሉ ከመብዛቱ የተነሣ የስታዲየሙ ሰሌዳ 32 ለ 0 ብሎ ነበር፤ በኋላ በመዝገብ ተጣርቶ ነው 31 መሆኑ የጸናው።

አሁን በሌላኛው ጎል በኩል የቆሙትን እንይ። አሜሪካን ሳሞአ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለች ትንሽ የደሴት ግዛት ናት። ፊፋ ለመጫወት የሚያስፈልገው የአሜሪካ ፓስፖርት ነው በማለቱ ከመጀመሪያው ቡድን ብቁ ሆኖ የተገኘው ግብ ጠባቂው ኒኪ ሳላፑ ብቻ ነበር። ከ20 ዓመት በታች ያሉትን እንዳይጠሩ ልጆቹ የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ናቸው። ስለዚህ ከየቦታው ተለቃቅሞ፣ የ15 ዓመት ታዳጊዎች ጭምር የተካተቱበት ቡድን ወደ ሜዳ ገባ። አውስትራሊያ በበኩሏ ከሁለት ቀን በፊት ቶንጋን 22 ለ 0 አሸንፋ ነበር። በጊዜው በአውሮፓ ገናና የነበሩት ኮከቦቿ ሃሪ ኪውልና ማርክ ቪዱካ በዚያ ቀን አልተሰለፉም። ቶምሰን ራሱ የቡድኑ የመጀመሪያ ተመራጭ አጥቂ አልነበረም።

አሥራ ሦስቱን ጎሎች ማንም ሊሰርዛቸው አይችልም፤ ኳሷ ሁሉንም ጊዜ መስመሩን አልፋለች። ይሁንና ቁጥሩ የሚለካው የቶምሰንን ችሎታ ነው ወይስ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረውን ገደል? የኦሺንያ እግር ኳስ መሪዎች ምላሽ የሰጡት ለገደሉ ነው። ደካሞቹ ቡድኖች አስቀድመው እርስ በርስ የሚጫወቱበት ቅድመ ማጣሪያ እንዲኖር አደረጉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ያው ሳላፑ ግብ ጠባቂ ሆኖ አሜሪካን ሳሞአ ቶንጋን 2 ለ 1 አሸነፈች። ቡድኑን የመራው ቶማስ ሮንገን የተባለ የሆላንድ ተወላጅ አሰልጣኝ ሲሆን ለዝግጅት ያገኘው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። በእኩያው ፊት ሲቆም ያ የ31 ጎል ግብ ጠባቂ ተራ ግብ ጠባቂ ሆነ።

በክለቦችም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ስኮትላንዳዊው ጆን ፔትሪ ለአርብሮዝ 13 ጎል ሲያገባ ውጤቱ 36 ለ 0 ነበር። ተሸናፊው ቦን አኮርድ ከዚያ ውጤት በቀር በእግር ኳስ ዓለም የሚታወስበት ነገር የለም። ከዚያ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በማዳጋስካር የተመዘገበው 149 ለ 0 ውጤት የመጣው አንደኛው ቡድን በዳኝነት ተቆጥቶ ሆን ብሎ የራሱን መረብ ሲደበድብ በመዋሉ ነው። በአንድ ጨዋታ የሚገባ ጎል ብዛት ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ይከብዳል።

መድረኩ ትልቅ ሲሆንስ?

«እሺ፣ ደካማ ተጋጣሚ ላይ የተገባውን እንተወው፤ በዓለም ዋንጫ ላይ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1994 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሩሲያ ካሜሩንን 6 ለ 1 ስታሸንፍ ኦሌግ ሳሌንኮ አምስት ጎል አገባ። በወንዶች የዓለም ዋንጫ በአንድ ጨዋታ ይህን ያህል ያገባ ከእርሱ በፊት አልነበረም፤ ከእርሱም በኋላ አልመጣም። ጎሎቹ በ15ኛው፣ በ41ኛው፣ በ44ኛው፣ በ72ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ተከታተሉ። የ44ኛው ደቂቃ ፍፁም ቅጣት ምት ነበር። ለካሜሩን ብቸኛዋን ጎል ያገባው የ42 ዓመቱ ሮዠ ሚላ ሲሆን እርሱም በበኩሉ የዕድሜ ክብረ ወሰን ይዞ ወጣ።

ሳሌንኮ በስዊድን ላይ ከነበረችው አንዷ ጋር በስድስት ጎል የውድድሩን ኮከብ ግብ አግቢነት ከቡልጋሪያው ህሪስቶ ስቶይችኮቭ ጋር ተካፈለ። ሩሲያ ግን ከምድቧ አላለፈችም። የሚገርመው ደግሞ ሳሌንኮ ለሩሲያ ብሔራዊ ቡድን ያገባቸው ጎሎች በሙሉ እነዚያው ስድስቱ መሆናቸው ነው። ካሜሩን በዚያ ሰሞን በአበል ክርክርና በውስጥ ሽኩቻ የተናጠች፣ ልቧ ከሜዳው የወጣ ቡድን ነበረች። መድረኩ የዓለም ትልቁ፣ ተጋጣሚውም ከአራት ዓመት በፊት ሩብ ፍጻሜ የደረሰ ስም ያለው ቡድን ነው። ያም ሆኖ የዚያን ቀን ነገሮች ሁሉ ለአንድ ሰው ተገጣጠሙ፤ ዳግም ግን አልተገጣጠሙለትም። ትልቅ መድረክ ለክብረ ወሰን ክብደት ይሰጠዋል እንጂ ባለቤቱን በራሱ ታላቅ አያደርገውም።

የኮሌጁ ሜዳ ደንብ

ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ስንመለስ፣ ደንቡ ራሱ በአንድ ጨዋታ የሚገባ የጎል ብዛት ላይ እጁን እንደሚያስገባ እናያለን። በአውሮፓ ሊጎች የለመድነው ሰዓት ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ በደስታ የባከነውን ደቂቃ ዳኛው በግምት ይጨምራል። በኮሌጅ እግር ኳስ ግን ሰዓቱ በሰሌዳ ላይ ከ45 ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ጎል ሲገባም ይቆማል። ስለዚህ ስድስት ጊዜ ተቃቅፈው ቢጨፍሩ እንኳ ለሰባተኛው የሚሆን አንዲት ሴኮንድ አትባክንም።

ሁለተኛው የቅያሪ ደንብ ነው። አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን በብዛት መቀያየር፣ ያስወጣውንም በደንቡ መሠረት መልሶ ማስገባት ይችላል። ይህ በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። በአንድ በኩል አጥቂው አርፎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ሊመለስ ይችላል። በሌላ በኩል አሰልጣኙ 4 ለ 0 ሲመራ ኮከቡን አስቀምጦ ተጠባባቂዎቹን ለማጫወት ምንም የሚያግደው ነገር የለም። እንግዲህ አንድ ተጫዋች ሰባተኛ ጎል የሚያገባው አሰልጣኙ እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ ሊያቆየው ስለወደደ ጭምር ነው። በመዝገቡ ላይ የማይጻፈው ይህ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የጎሉ ጥቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ አሜሪካ ታይላንድን 13 ለ 0 ስትረታ፣ አሌክስ ሞርጋንም አምስት ስታገባ ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ተከራክሮ ነበር። የአሜሪካውያኑ መከራከሪያ በምድብ ጨዋታ የግብ ክፍያ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ማቆም አይገባም የሚል ነበር። የኮሌጁ አሰልጣኝ ይህ መከራከሪያ የለውም። በጥሎ ማለፍ 1 ለ 0ም 8 ለ 0ም እኩል ያሳልፋል። በመደበኛው የውድድር ዘመንም ቡድኖችን ለሻምፒዮናው ለመምረጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ቀመር 25 በመቶውን ከቡድኑ የማሸነፍ ምጣኔ፣ 50 በመቶውን ከተጋጣሚዎቹ፣ 25 በመቶውን ደግሞ ከተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ነበር የሚያሰላው። የጎል ልዩነት በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። እንዲያውም ደካማ ቡድን መርጦ በጎል ማንበሽበሽ ከትርፉ ኪሳራው ያመዝን ነበር፤ ከነጥቡ ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከተጋጣሚ ጥንካሬ ነውና።

ሆኖም ገደሉ በኮሌጁም አለ። የአንደኛው ዲቪዚዮን የወንዶች ቡድን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የ9.9 ተጫዋች ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ነፃ የትምህርት ዕድል ከፋፍሎ መስጠት ይፈቀድለት ነበር። የሦስተኛው ዲቪዚዮን ትምህርት ቤቶች ግን በስፖርት ችሎታ ብቻ ነፃ የትምህርት ዕድል አይሰጡም። በአንድ ዲቪዚዮን ውስጥም ቢሆን ዘጠኙን ነጥብ ዘጠኝ ሞልቶ የሚያወጣና ግማሹን እንኳ ማውጣት የሚቸግረው ትምህርት ቤት ይጋጠሙ ነበር። የጎል ናዳ የሚታየው በአብዛኛው በእንዲህ ያለው ያልተመጣጠነ ግጥሚያ ነው። በብሔራዊው ሻምፒዮና የሚገናኙት ግን ተጣርተው የመጡ ናቸው። የኡሲያን ሰባት ጎል ከሌሎች የአንድ ቀን ቁጥሮች የሚለየው በመጀመሪያ በዚህ ነው።

ከሞንትሪያል የተመለሰው አጥቂ

ኡሲያን ወደ አሜሪካ የደረሰበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ለሞንትሪያል ኦሊምፒክ በተዘጋጀው የናይጄሪያ ቡድን ውስጥ ነበር። ናይጄሪያ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በተካሄደው 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛ የወጣች፣ በአህጉሩ የምትፈራ ቡድን ነበረች። ነገር ግን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከ20 በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ከኦሊምፒኩ ራሳቸውን አገለሉ። ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር በዚያ ምክንያት ዕድሉ አምልጦት አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ኡሲያን ደግሞ የትምህርት ዕድል ይዞ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ ቡን ወደምትባል ትንሽ ከተማ አቀና።

እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1980 ባሉት አራት የውድድር ዘመናት ለአፓላቺያን ስቴት 109 ጎል አገባ። ይህ የአንደኛው ዲቪዚዮን የምንጊዜም ክብረ ወሰን ነው። በመጨረሻው ዓመት፣ ምሩፅ በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ባጠለቀበት በዚያው 1980፣ ኡሲያን በአንድ የውድድር ዘመን 46 ጎል አስቆጠረ። እርሱም ክብረ ወሰን ሆነ። ኋላ በሰሜን አሜሪካው የባለሙያዎች ሊግ፣ በ1976 የኦሊምፒክ ሕልሙ በተቋረጠባት ከተማ ይገኝ ለነበረው ሞንትሪያል ማኒክ ተጫውቷል።

ለሰባቱ ጎሎች ትርጉም የሚሰጣቸው ይህ ነው። ሳሌንኮ ከአምስቱ ጎሎች ውጪ በብሔራዊ ማሊያ አንድ ብቻ ነበረው። ኡሲያን ከሰባቱ ውጪ 102 አለው። አንድ ተጋጣሚ በአንድ ቀን ሊዝረከረክ ይችላል። በአራት ዓመት ውስጥ የተገናኙት ቡድኖች በሙሉ ግን ለአንድ ሰው ሲሉ አይዝረከረኩም።

ይህ ማለት ጎሉን ብቻውን ፈጠረው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጆች መዝገብ ለጎል ሁለት ነጥብ፣ ጎል ለሆነ ኳስ ላቀበለ ደግሞ አንድ ነጥብ የሚይዘው አቀባዩ እንዳይረሳ ነው። ዘመኑም ረድቶታል። በ1970ዎቹ ጥቂት አሰልጣኞች ብቻ የአፍሪካና የካሪቢያን ተጫዋቾችን ያመጡ ነበር፤ ያመጡትም ከሌሎቹ ብዙ ርቀው ሄዱ። በዋሽንግተን የሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ በትሪኒዳዳዊው ሊንከን ፊሊፕስ አሰልጣኝነት እ.ኤ.አ. በ1971 ሻምፒዮን ሆነ፤ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳደሩ ግን በተጫዋቾች ብቁነት ሰበብ ዋንጫውን ነጠቀው። በ1974 ሃዋርድ አንድም ሳይሸነፍ መጥቶ በፍጻሜው ሴንት ሉዊስን ከተደጋጋሚ ተጨማሪ ሰዓት በኋላ 2 ለ 1 በማሸነፍ ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። የውጭ አገር ተጫዋች ወሳኝ፣ ግን ገና በሁሉም ቡድን ያልተዳረሰበት ዘመን እንዲህ ያለ የኃይል ልዩነት ይፈጥራል። ኡሲያንም የዚያ ዘመን ሰው ነው።

አሁን ለምን አይሰበርም?

እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የኸርማን ዋንጫን የወሰደው የክሬይተኑ ደንከን ማክጋየር 23 ጎል ነበረው። ከኡሲያን 46 ልክ ግማሹ ነው። ማክጋየር ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ወዲያው በሜጀር ሊግ ሶከር ኦርላንዶ ሲቲ መርጦታል። የተለወጠው ሜዳው ነው። ዛሬ ከየአህጉሩ የመጡ ተጫዋቾች በበርካታ ትምህርት ቤቶች ተበትነዋል። ተከላካዩም ግብ ጠባቂውም እንደ አጥቂው ተመልምሎ የመጣ ነው። ደካማው ቡድን እንኳ ተሰብስቦ መከላከልን ተምሯል።

ከዚያ በላይ ደግሞ ጎበዝ አጥቂ ኮሌጅ አይቆይም። በኡሲያን ዘመን አራት ዓመት መጫወት የተለመደ ነበር። ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 ከተጀመረ ወዲህ ግን በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሳይል ላሪን በኮኔቲከት ሁለት ዓመት ብቻ ተጫውቶ በ2015 የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሊጉ 17 ጎል አገባ። ጃክ ሃሪሰን ዌክ ፎረስትን የተሰናበተው በአንድ የውድድር ዘመን ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ከክለቦች አካዳሚ በቀጥታ ስለሚፈርሙ ኮሌጁን አያዩትም። 109 ጎል ለማግባት ከችሎታው በፊት አራት ዓመት ያስፈልጋል፤ የዛሬው ጎበዝ ያ ጊዜ የለውም።

የአንድ ጨዋታ ቁጥር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለመሰበር የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም አንድ መጥፎ ተጋጣሚና አንድ ለጋስ አሰልጣኝ ብቻ ይበቁታል። ይህ ራሱ የክብረ ወሰኑን ዋጋ ይነግረናል። አንድ ምሽት ሊያመጣው የሚችለውን ቁጥር አራት ዓመት ከሚጠይቀው ጋር በአንድ ረድፍ ማስቀመጥ አግባብ አይደለም። አፓላቺያን ስቴት በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ሰሞን በገጠመው የገንዘብ ችግር የወንዶች እግር ኳስ ቡድኑን ዘግቷል። ቡድኑ በሌለበት ዛሬም ኡሲያንን በመጀመሪያ ረድፍ ያስቀመጠው 109ና 46 ነው፤ ሰባቱ የሚከተለው እነርሱን ነው።

በእኛም አገር ነገሩ ያው ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ሲያገባ ከሁሉም የሊጉ ቡድኖች ጋር ተፈትኖ ነው። ነገ አንድ አጥቂ በአንድ ቀን አምስት ቢያገባ የስፖርት ገጾቻችን ዓይናቸው ወደ አምስቱ መሮጡ አይቀርም፤ ይሩጥ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ከቁጥሩ አጠገብ ተጋጣሚው በደረጃ ሰንጠረዡ ስንተኛ እንደነበር፣ ስንቱ ፍፁም ቅጣት ምት እንደሆነ፣ ስንቱ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ እንደገባ አብሮ ይጻፍ። ይህ ሦስት መስመር አይሞላም። አምስት ጎል ያገባው ልጅ ችሎታው እውነተኛ ከሆነ በእነዚህ መስመሮች ይከብራል እንጂ አያንስም፤ ካልሆነም አንባቢው በጊዜ ያውቀዋል።